ከበሩ ሥር የወጣው ጥቀርሻ

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የዩኒቨርሲቲው ዕቃ ክፍል ኃላፊ የባትሪ መፈተሻውን ክፍል የብረት በር ሲከፍቱ መጀመሪያ ያዩት የሰው እጅ ነበር። እጁ ደፉ ላይ ተዘርግቷል፤ ጣቶቹ ወደ በሩ እንደዞሩ ቀርተዋል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ጥቁር ነው፤ ግድግዳውም፣ ጠረጴዛውም፣ ጣሪያውም። ሴትዮዋ አንድ እርምጃ እንኳ ወደ ውስጥ አልገቡም። የቁልፍ ዘለላቸውን እዚያው ጥለው ደረጃውን ወደ ላይ ሮጡ።

የሞተው ሰው «ዶክተር» ነበር። ይህን ማዕረግ ከየትም ኮሌጅ አላገኘውም። ገበያ መሐል፣ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሃያ ዓመት ሙሉ የሞተ ስልክ ሲያስነሳ ሰፈርተኛው ያወጣለት ስም ነው። ዩኒቨርሲቲው ከበጎ ፈቃደኞች ጋር ተጣምሮ ንድፉ ለማንም ክፍት የሆነ፣ ማንም ፈትቶ የሚጠግነው ስልክ ልሥራ ብሎ ሲነሳ መጀመሪያ የተጠራው እሱ ነበር። ከጊዜ በኋላ ባለ ዲግሪዎቹ ዶክተሮች እንኳ «ዶክተር ምን ይላል?» ሳይባባሉ አንዲት ሽቦ የማይነኩ ሆኑ።

መርማሪዋ ሦስት ሰዓት ላይ ደረሰች። ሃምሳዎቹን እያገባደደች ያለች፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ የምታንጠለጥል ሴት ናት። ድምጿ ዝግ ያለ ስለሆነ የሚያነጋግራት ሰው ለመስማት ጠጋ ማለት አለበት፤ ጠጋ ሲል ደግሞ ፊቱን በደንብ ታየዋለች።

የቤተ ሙከራው ኃላፊ ፕሮፌሰር ደረጃው ላይ ጠበቋት።

«አደጋ ነው» አሉ፣ ሰላምታውን በቅጡ ሳይጨርሱ። «ባትሪ ሲፈትሽ ተቀጣጠለበትና ጭስ አፈነው። እባክዎ ነገሩ ሳይንዛዛ ይዘጋ። ሐሙስ ሦስት መቶ ስልክ ለገጠር አዋላጆች እናስረክባለን። ካላስረከብን ቤተ ሙከራው ይዘጋል፤ የስድስት ዓመት ልፋታችን ገደል ይገባል።»

«ሰውየውስ?»

ፕሮፌሰሩ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «እሱን ምን ላድርገው? እሱማ ሞተ።»

መርማሪዋ ወደ ምድር ቤቱ ወረደች። ከክፍሉ ጭስ የሚስበው ማራገቢያ አሁንም እየሠራ ነበር፤ ማብሪያና ማጥፊያው ከበሩ ውጭ፣ ግድግዳው ላይ ነው። ግድግዳውን ይዛ፣ ጥርሷን ነክሳ ተንበረከከች። ከበሩ ሥር የወጣ ስስ ጥቀርሻ ወለሉ ላይ ተነጥፏል። በጥቀርሻው መሐል፣ ልክ ከበሩ ፊት፣ የሕፃን አልጋ የሚያህል አራት ማዕዘን ቦታ ንጹሕ ሆኖ ቀርቷል። ከዚያ የተነሱ ሁለት የጎማ መስመሮች ሦስት እርምጃ ያህል ሄደው የሰው እግር በረጋገጠው መሐል ይጠፋሉ።

የዕቃ ክፍሏን ኃላፊ አስጠራቻቸው። ተማሪዎች «እትዬ ቁልፍ» ይሏቸዋል።

«እትዬ፣ በሩን ሲከፍቱ ከፊቱ የቆመ ነገር ነበር?»

«ምንም። ወለሉ ባዶ ነበር።»

«ያ ጋሪስ?» ከማዶ ጥግ የስልክ ካርቶን የተቆለለበት የብረት ጋሪ ቆሟል።

«እዚያው ቦታው ላይ ነበር። ጭነቱ ከባድ ነው፤ ያለ ነገር አናንቀሳቅሰውም።»

«ማራገቢያውስ?»

«ይሠራ ነበር። ድምፁን ሰምቼ፣ በጠዋቱ ማን ገባ ብዬ አይደል የከፈትኩት። ምነው እጄን በቆረጠው።»

ከበሩ ጎን በተመቱ ምስማሮች ላይ የሥራ ካፖርቶች ተሰቅለዋል። መርማሪዋ አንዱን በጣቷ ነካችው፤ ጣቷ ጠቆረ። ከካፖርቶቹ አጠገብ የዶክተር የመግቢያ ካርድ በክር ተንጠልጥሏል። እሱንም በጣቷ ጠረገችው። ምንም የለበትም። ገለጥ አድርጋ ከኋላው ያለውን ግድግዳ ነካችና የጠቆረውን ጣቷን አየች።

ወደ ውስጥ ገባች። ክፍሉ እሳት እንዳይወጣበት ዙሪያውን በብረት የተለበጠ ስለሆነ ስልክ አይሠራበትም። ሰውየው በስልክ ተከቦ፣ ለማንም መደወል ሳይችል ነው የሞተው። ጠረጴዛው ላይ የነደዱትን ባትሪዎች ቆጠረች። ስድስት ናቸው። በግድግዳው ላይ የተለጠፈው ማስጠንቀቂያ ደግሞ በአንድ ጊዜ ከሁለት በላይ አትፈትሹ ይላል።

ሬሳው ከተነሳ በኋላ በሩን ቆልፋ አሸገችና ለፖሊሶቹ «እዚህ ያያችሁትን ለማንም አትንገሩ» አለች። «ቁጥሩን በተለይ።»

መጀመሪያ ያነጋገረችው መምህርቷን ነው። የሃያ ስምንት ዓመት ወጣት ናት፤ የስልኩን የባትሪ መቆጣጠሪያ የነደፈችው እሷ ነች። ዓይኗ ከማልቀስ ብዛት አብጧል።

«ቅዳሜ ከዶክተር ጋር ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«ጮህኩበት» አለች መምህርቷ። «ለሙከራ አርባ ስልክ ለአዋላጆች ሰጥተን ነበር። ከወር በፊት አንዱ ቻርጅ ላይ እንዳለ ነደደ። የአዋላጇ ልጅ፣ የአራት ዓመት ሕፃን፣ ሁለት እጇ ተቃጠለ። ቻርጀሩ ነው ጥፋተኛው ተብሎ ታለፈ። ዶክተር ግን አላለፈውም። የተቃጠለውን ስልክ አምጥቶ ፈታው። ቅዳሜ መጣና ‹ሙቀት ጠቋሚዋን ማን አነሳት?› አለኝ። የሩዝ ፍሬ የምታህል ዕቃ ናት፤ ባትሪው ሲግል ቻርጁን የምታቋርጠው እሷ ናት። እኔ ንድፉ ላይ አስቀምጫታለሁ።»

«ታዲያ ማን አነሳት?»

«በንድፉ ላይ የሚደረግ ለውጥ ሁሉ በአድራጊው ስም ይመዘገባል፤ መዝገቡም ለሁሉም ክፍት ነው። ገልጬ አሳየሁት። ከሦስት ወር በፊት፣ ‹አታስፈልግም፤ ትነሳ› ይላል። የተጻፈው በራሱ በዶክተር ስም ነው። ‹ራስህ አንስተህ እኔን ትጠይቀኛለህ?› አልኩት።»

«ምን አለ?»

«‹እኔ ነኝ?› አለ። እንደ ሕፃን ልጅ። ‹ያቺን ሕፃን ያቃጠልኳት እኔ ነኝ?› ብሎ ወጣ።» መምህርቷ እጆቿን ጭኖቿ መሐል ቀበረች። «ጥፋቱ የኔም ነው። ያን ጊዜ ለውጡን አይቼው ነበር። ስሙን ሳይ፣ ዶክተር ካለ ምክንያት አለው ብዬ አለፍኩት።»

«እሑድ መጥተሽ ነበር?»

«ስምንት ሰዓት ላይ። መጻሕፍቴን ልሰበስብ። ሥራ ልለቅ ነበር።» ከቦርሳዋ የመልቀቂያ ደብዳቤ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ወደ ምድር ቤት ወረድሽ?»

«አልወረድኩም። ቢሮዬ ከመፈተሻው ክፍል በላይ ነው።»

«የሰማሽው ነገር አለ?»

«ያ ማራገቢያ ሲንኳኳ ነበር። አሮጌ ስለሆነ አንዳንዴ ይንኳኳል። ትንሽ ቆይቶ ዝም አለ።»

የመርማሪዋ እርሳስ ወረቀቱ ላይ ቀጥ አለ። ሌላ ጥያቄ ሳትጠይቅ መምህርቷን ሸኘቻት።

የበጎ ፈቃደኞቹ አስተባባሪ ከሁሉም ይልቅ የተሰበረ መስሎ ገባ። ደልዳላ፣ ፊቱ ደግ የሚመስል ሰው ነው። ለመርማሪዋ የተሻለውን ወንበር አቅርቦ እሱ በተንጋደደው ላይ ተቀመጠ።

«ሃያ ዓመት ጎን ለጎን ሱቅ ነበረን» አለ። «ምሳችንን ከአንድ ሳህን ነው የምንበላው። እዚህ ያመጣሁት እኔ ነኝ። በጎ ፈቃደኞቹን አንድ በአንድ የመዘገብኳቸው፣ የይለፍ ቃል ያወጣሁላቸውም እኔው ነኝ። እሱ ዋናችን ነበር።»

«እሑድ የት ዋልክ?»

«ቤቴ። ብፈልግስ በምን እገባለሁ? ከዶክተር በቀር እኛ በጎ ፈቃደኞች ካርድ አልተሰጠንም። ሰው ካልከፈተልን ደጅ እንደ ለማኝ ቆመን ነው የምንጠብቀው።»

«ጠንቃቃ ሰው ነበር ይላሉ።»

«ነበር። ያቺ ሕፃን ከተቃጠለች ወዲህ ግን ልቡ ከሱ ጋር አልነበረም። እንቅልፍ የለ፣ ምግብ የለ። ባይሆን ኖሮ፣ ጤነኛ ሰው ስድስት ባትሪ በአንድ ጊዜ ይሰካል?»

መርማሪዋ መነጽሯን አወለቀችና በቀሚሷ ጫፍ ቀስ ብላ ጠረገችው። «አይሰካም» አለች።

ከሰዓት በኋላ የዶክተርን እህት ፍለጋ ሄደች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ወንድሟም የሚኖረው ከሷ ጋር ነበር። የስፌት መኪናዋ ላይ የተጀመረ ሸሚዝ እንዳለ ቀርቷል። ለቀስተኞቹን ወደ ጓዳ አሳልፋ በሩን ገፋ አደረገችው።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ወንድምሽ በመዝገቡ ላይ ማስታወሻ ሲጽፍ አይተሽው ታውቂያለሽ?»

ሴትዮዋ አንገቷን ደፋች። «ሞቶም ላዋርደው?»

«የሚያዋርደው ሌላ ነው እህቴ።»

«ወንድሜ መጻፍ አይችልም ነበር። ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጠው፤ ፊደል ዓይኑ ላይ ይዘልበታል። የዩኒቨርሲቲ ሰዎች መሐል ሲገባ አፍሮ ደበቀው፤ ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም። እሱ ሐሳቡን በእጁ ይሥላል፤ ሥዕሉን ፎቶ አንስቼ፣ የሚለኝን ከሥሩ እየጻፍኩ በሱ ስም የማስገባው እኔ ነኝ። ያለ ሥዕል አንድም ቀን አስገብቼ አላውቅም።»

«ሙቀት ጠቋሚዋ ትነሳ የሚለውስ?»

«ቅዳሜ ማታ ይህንኑ ጠየቀኝ። ከሥራ መጥቶ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ‹እውነቱን ንገሪኝ፤ ብያለሁ ወይ?› አለኝ። አላልክም፣ እኔም አልጻፍኩም አልኩት። ከፍቼ አየሁት፤ ሥዕል የለውም። ያን ጊዜ ነው ወር ሙሉ ያልበላውን እራት የበላው።» የተጀመረውን ሸሚዝ ወደ ጎን ገፋች። «እሑድ ‹በማስረጃ አሳያቸዋለሁ› ብሎ ወጣ። ‹ብቻዬን አልሆንም፤ ወንድሜን እጠራዋለሁ› አለኝ። እኛ ደግሞ ሌላ ወንድም የለንም።»

ማክሰኞ አራት ሰዓት ላይ መርማሪዋ ሁሉንም በቤተ ሙከራው ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው፤ ፕሮፌሰሩን፣ እትዬ ቁልፍን፣ መምህርቷን፣ አስተባባሪውንና ጥቁር የለበሰችውን እህት። ለሐሙስ የተዘጋጁት ካርቶኖች በግድግዳው ልክ ተደርድረዋል። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆሙ።

«ዶክተር በአደጋ አልሞተም» አለች መርማሪዋ። ሁሉም ጠጋ አሉ።

«ማራገቢያው ሰኞ ጠዋት ይሠራ ነበር። እሳቱ በተነሳበት ጊዜ ቢሠራ ኖሮ ግን ጭሱን በቱቦው ስቦ ያወጣው ነበር። ጭሱ የወጣው ከበሩ ሥር ነው። ስለዚህ ማራገቢያው ያን ጊዜ ጠፍቶ፣ በኋላ ተመልሶ በርቷል። ማጥፊያው ያለው ከበሩ ውጭ ነው። ሁለተኛው፣ በሩ ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው። ጥቀርሻው ወለሉ ላይ ሲያርፍ ከበሩ ፊት የቆመ ነገር ስለነበር ሥሩ ንጹሕ ቀረ። ትናንት ለካሁት። የጋሪው ልክ ነው፤ የታችኞቹ ካርቶኖችም በአንድ ወገናቸው ጠቁረው፣ የጠቆረው ወገን ወደ ግድግዳ ተመልሷል። አንድ ሰው ዶክተርን ዘጋበት፤ ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ መጥቶ ጋሪውን ወደ ቦታው መለሰ፣ ማራገቢያውን አበራ።»

እትዬ ቁልፍ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ሰው ሲወጣ አይመዘገብም፤ ሲገባ ግን ካርዱ ይመዘግበዋል። እሑድ የተመዘገቡት ሦስት መግቢያዎች ናቸው። ዶክተር ስድስት ሰዓት ከአርባ። መምህርቷ ስምንት ሰዓት። እንደገና ዶክተር፣ አሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ። ሐኪሙ ግን ዶክተር ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ሞቷል ይላል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የገባው የሞተ ሰው ነው። ካርዱን ምስማሩ ላይ አገኘሁት፤ ከኋላው ያለው ግድግዳ ጠቁሯል፣ ካርዱ ግን ንጹሕ ነው። እዚያ የተሰቀለው ጥቀርሻው ካረፈ በኋላ ነው።»

«ካርድ ያለው ሰውም የሌላ ሰው ካርድ ሊጠቀም ይችላል» አሉ ፕሮፌሰሩ። ዓይናቸው ወደ መምህርቷ ሄደ።

«ይችላል። ለዚህም ነው በካርዱ ያልፈረድኩት። ከእሳቱ በፊት የመጣው ሰው ግን እንዴት ገባ? ዶክተር ራሱ ከፍቶለት፣ አብሮት ነው የገባው። ለእህቱ ‹ወንድሜን እጠራለሁ› ብሏት ነበር። ወንድም የለውም። ከአንድ ሳህን የሚበላ ሰው ግን ነበረው።»

አስተባባሪው ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ።

«ክፍሉን ያሸግኩት እኔ ነኝ። እትዬ ቁልፍ ወደ ውስጥ አልገቡም። ፖሊሶቹ አፋቸውን ዘግተዋል። ደንቡ ደግሞ ሁለት ባትሪ ነው የሚለው። ጠረጴዛው ላይ ስድስት እንደነበር ማወቅ የሚችለው እሳቱ ሳይነሳ ክፍሉ ውስጥ የነበረ ሰው ብቻ ነው። አንተ ትናንት ስድስት አልከኝ።»

የአስተባባሪው ፊት አመድ መሰለ።

«በመዝገቡ ላይ ‹ትነሳ› ብሎ የጻፈውም እሱ ነው» አለች መርማሪዋ። «የይለፍ ቃሉን ያወጣለት እሱ ነው። ያላወቀው ነገር፣ ዶክተር ያለ ሥዕል ተናግሮ እንደማያውቅ ነው።»

«ጠቋሚዋ አልመጣ አለች» አለ አስተባባሪው። ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስል ነበር። «ሦስት ጊዜ አዘዝን፤ አልመጣ አለች። ሥራው ሊቆም ነው። መቶ ሃያ ሰው ስድስት ዓመት ከልጁ አፍ እየነጠቀ፣ ዕረፍቱን ትቶ የደከመበት ሥራ። በኔ ስም ብጽፈው ይጠይቁ ነበር። በሱ ስም ማንም አይጠይቅም።» ወደ እህትየዋ ሊያይ ሞክሮ አቃተው። «ለሱ ሌላ ጊዜ እነግረዋለሁ ብዬ ነበር። ያቺ ሕፃን ተቃጠለች። ከዚያ እንዴት ልንገረው?»

«እሑድስ?» አለች መርማሪዋ።

«ጠቋሚ የሌላቸውን ስድስት ባትሪዎች ሰክቶ፣ ሁሉም ሲግሉ አሳየኝ። ‹ነገ ለሁሉም እናገራለሁ› አለ። እኔ መሆኔን አልጠረጠረም፤ አብረን እንፈልገው ነው የሚለኝ። ያን ጊዜ ነገርኩት። ለመንኩት። እስከ ሐሙስ ብቻ ዝም በል፣ ካስረከብን በኋላ ሰብስበን እናስተካክላለን አልኩት። ‹እስከ ሐሙስ ሌላ ሕፃን ብትቃጠልስ?› አለኝ። ወጣሁና ጋሪውን በሩ ላይ ገፋሁት። ማራገቢያውን አጠፋሁት። ሲሞቀው እሺ ይለኛል ብዬ ነው። ላስፈራራው ነው እንጂ . . . ከዚያ አንዱ ፈነዳ። ጭሱ ወጣ።»

«ጋሪውን መሳብ ትችል ነበር።»

«እችል ነበር። እጄ ጋሪው ላይ ነበር። የላይኛው በር ሲከፈት ሰማሁ፤ ሰው ገባ። ካርዱን ከምስማሩ ነጥቄ በኋላ በር ሮጥኩ።»

መርማሪዋ ለፖሊሶቹ በዓይኗ ምልክት ሰጠች። ነገሩ እዚህ ላይ እንዲያበቃ ፈልጋ ወረቀቶቿን መሰብሰብ ጀመረች። መምህርቷ ግን ከመቀመጫዋ ተነሳች።

«ማራገቢያው ጠፍቶ ነበር ብለዋል» አለች።

መርማሪዋ ወረቀቶቿን መልሳ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ስምንት ሰዓት ላይ የገባሁት እኔ ነኝ። ማራገቢያው ከጠፋ፣ እኔ ከወለሉ ሥር የሰማሁት ሲንኳኳ የነበረው ምንድን ነው?»

መርማሪዋ በሥራ ዘመኗ ብዙ ሰው ዋሽቷት ያውቃል፤ ያን ቀን እሷም ለመዋሸት አሰበች። ልጅቷ ግን በንድፍ ላይ ያለች አንዲት ስሕተት የማታመልጣት ሰው ናት።

«አላወቅሽም ነበር» አለቻት በዚያ ዝግ ባለ ድምጿ። «ሊያውቅ የሚችል ሰው አልነበረም።»

መምህርቷ ወደ በሩ ዞረች። የያዘቻት እህትየዋ ነበረች። ልብስ ሰፊዋ ልጅቷን ደረቷ ላይ አስጠግታ፣ ጀርባዋን ስታሻት ቆየች። አስተባባሪው በሁለቱ ፖሊሶች መሐል ሲወጣ ቀና ብላ እንኳ አላየችውም።

በመጨረሻ የተናገረችው እሷው ናት። «ሠላሳ ዘጠኙ ስልኮችስ?» አለች። «ለሙከራ የተሰጡት። አሁንም ሰው እጅ ላይ ናቸው አይደል?»

ፕሮፌሰሩ ከእንቅልፍ እንደነቃ ሰው ደነገጡ። የሐሙሱን ፕሮግራም የያዘውን ወረቀት ከፊታቸው ገፍተው፣ ከመሳቢያ የአዋላጆቹን ዝርዝር አወጡ። ሦስት ቦታ ቀደዱት። አንዱን ለእህትየዋ፣ አንዱን ለእትዬ ቁልፍ ሰጥተው አንዱን ራሳቸው ያዙ። መምህርቷ ዓይኗን በመዳፏ ጠርጋ ከፕሮፌሰሩ ቁራጭ ላይ ግማሹን ወሰደች። መርማሪዋም መሄድ ሲገባት ቁጭ ብላ፣ የተደወለላቸውን እየሰማች በእርሳስ ትሰርዝ ጀመር።

አንዳንዷ ወዲያው አነሳች፤ አንዳንዷ ሁለትና ሦስት ጊዜ ተደወለላት። አንዷ ስልኩን እንዳታጣው ተማጸነች፤ ከመንደሯ ሐኪም ቤት ለመደወል ሌላ የላትም። ሰባት ሰዓት ሲሆን ሠላሳ ስምንቱ ተሰረዙ። የቀረችው አንዲት ናት፣ በመምህርቷ ድርሻ ያለች። ይጠራል፤ አይነሳም። መምህርቷ ትዘጋና ትደውላለች። ፕሮፌሰሩ ተነስተው መስኮቱ ጋ ቆሙ። እትዬ ቁልፍ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። መርማሪዋ በዚያ ወረዳ ያለውን ፖሊስ ጣቢያ ልትጠራ የራሷን ስልክ አነሳች።

በአሥራ አራተኛው ጥሪ አንዲት የደከማት ሴት «ማን ልበል?» አለች። ከኋላዋ ገና የተወለደ ሕፃን ያለቅሳል። «ይቅርታ፣ እያዋለድኩ ነበር። ስልኩ ቻርጅ ላይ ነው፤ ምነው እንዲህ ጋለ?»

መምህርቷ ስልኩን ለእህትየዋ ዘረጋችላት።

«እህቴ» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ድምጿ ሳይንቀጠቀጥ። «አሁኑኑ ከቻርጁ ንቀዪው። አጥፊውና ከቤት ውጭ፣ ከሕፃኑ አርቀሽ አስቀምጪው። የሚልሽ ወንድሜ ነው።»